ሎዌልን በጀልባ መጎብኘት

በአሜሪካ፣ ከቦስተን በስተሰሜን ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው የሎዌል ከተማ ለጎብኚዎቿ በዋናነት ሁለት ነገር ታቀርባለች፤ አንዱ የቡት ጥጥ ፋብሪካ ሙዚየም፣ ሌላው በቦዮቿ ላይ የሚደረግ የጀልባ ጉዞ ነው። ሁለቱንም የሚያስተዳድረው እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ነው። ሁለቱንም የሚያይ ሰው ጀልባውን ቢያስቀድም ይሻላል፤ ከተማዋ ለምን እዚህ ቦታ ላይ እንደተሠራች ቁልጭ ብሎ የሚታየው ከውኃው ላይ ሆኖ ነውና።

የሜሪማክ ወንዝ ፖታኬት በተባለው ፏፏቴ አካባቢ 10 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ጀልባው የሚጓዝበት የፖታኬት ቦይ በ1796 ሲጠናቀቅ ዓላማው ፏፏቴውን ዞሮ እንጨት ወደ ባሕር ዳርቻ ማውረድ ብቻ ነበር። በ1820ዎቹ ግን የቦስተን ባለሀብቶች ቦዩን ገዝተው መንገድ የነበረውን ውኃ ጉልበት አደረጉት፤ ቅርንጫፍ ቦዮችን አስቆፍረው፣ ከላይ ያለው ፋብሪካ የተጠቀመበትን ውኃ ከታች ያለው መልሶ እንዲጠቀምበት በሁለት እርከን አከፋፈሉት፤ ድርሻውንም ለፋብሪካዎቹ እየለኩ አከራዩ።

ከጉዞው ሁሉ ልብ ብሎ ማየት የሚገባው የፍራንሲስን በር ነው። የቦዮቹ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ጄምስ ፍራንሲስ በ1850 ይህን ግዙፍ የእንጨት መዝጊያ ከቦዩ በላይ ሲያንጠለጥለው ሰዉ በከንቱ ወጪ ተሳልቆበት ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 1852፣ ወንዙ ሞልቶ ሲመጣ በሩን የያዘው ብረት በመሮ ተቆርጦ መዝጊያው ወረደ፤ ከተማዋም ተረፈች። በ1936 ጎርፍም ያው በር ዳግመኛ አገልግሏል። ጀልባው ከሥሩ ሲያልፍ ቀና ብሎ የእንጨቱን ውፍረት ያየ ሰው መሳለቁ ለምን በአንድ ሌሊት እንደቆመ ይገባዋል።

ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ደግሞ የፍራንሲስን ስም ሲሰማ ጆሮውን ማቅናቱ አይቀርም። ውኃ ለመለካትና ለመቆጠብ ሲል በሎዌል ባደረጋቸው ሙከራዎች ያሻሻለው ተርባይን ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩትም የፍራንሲስ ተርባይኖች ናቸው።

ሙዚየሙ ስሙ ያለ ምክንያት አልተነሣም። በሽመና ክፍሉ ማሽኖቹ ሲነሡ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ የጆሮ መድፈኛም ይሰጣል። ከገጠር መጥተው በኩባንያዎቹ ማደሪያ ቤቶች ይኖሩ የነበሩ ወጣት ሴቶች በዚህ ዓይነት ጩኸት ውስጥ ከንጋት እስከ ምሽት ይሠሩ እንደነበር፣ ደመወዛቸው ሲቀነስም በ1834 ሥራ አቁመው እንደወጡ ያወቀ ሰው መድፈኛውን ለማውጣት ይከብደዋል። ጥጡ በደቡብ ግዛቶች በባርነት የተያዙ ሰዎች የሚያመርቱት እንደነበረም መዘንጋት የለበትም። ይሁንና ማሽኖቹ ዛሬ የሚሠሩት በቦዮቹ ውኃ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ነው፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደዚህ ክፍል የገባ ሰው ጩኸቱን ሰምቶ የጩኸቱን ምንጭ ሳያይ ሊመለስ ይችላል።

የጀልባው አገልግሎት የሚሰጠው በሞቃቱ ወራት ብቻ በመሆኑ ከመነሣት በፊት የጉዞ ሰዓቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በቀዝቃዛው ወራት የሚሄድ ሰው በቦዮቹ ዳር ያለውን የእግር መንገድ በነጻ መጠቀም ይችላል።