ሜይል ቴስተር፦ ፕሮፎርማው ለምን ስፓም ውስጥ ገባ?

ከቃሊቲ አልፎ በገላንና በዱከም፣ ወይም በሰበታ መንገድ፣ የራሱን የኢሜይል ሰርቨር ቢሮው ውስጥ ለተከለ ድርጅት «ፕሮፎርማችሁ አልደረሰንም» የሚል ስልክ አዲስ አይደለም። ኢሜይሉ ሄዷል፤ ያረፈው ግን ስፓም ውስጥ ነው። ለዚህ ምርመራ ሜይል ቴስተር ከሚባለው ድረ ገጽ ብትጀምሩ አትቆጩም፤ ነጻ ነው፣ ምዝገባም አይጠይቅም።

ገጹ ጊዜያዊ አድራሻ ይሰጣችኋል፤ ወደዚያ ኢሜይል ስትልኩ ከ10 ያርማል። በነጻ የሚፈቀደው በቀን 3 ሙከራ ስለሆነ «ቴስት» የሚል አንድ ቃል ጽፋችሁ አታባክኑት። ዋናው ነገር ሙከራው ከየት እንደወጣ ነው። ስፓም የሚገባው ከሂሳብ ሶፍትዌሩ የሚላከው ፕሮፎርማ ከሆነ ከአውትሉክ ሞክሮ 10 ማግኘት አይፈይድም፤ መንገዳቸው ሊለያይ ይችላል። ከራሱ ከሶፍትዌሩ ላኩ። የደንበኛውን ስምና ዋጋውን ግን አውጡ፤ የሙከራውን አድራሻ የያዘ ሁሉ ውጤቱን ማየት ይችላል።

ነጥቡን ትታችሁ ስለ ላኪ ማረጋገጫ የሚያወራውን ክፍል ዘርግታችሁ አንብቡ፤ የመሣሪያው ጉልበት እዚያ ነው። ኤስፒኤፍ፣ ማለትም በዶሜይናችሁ ስም ኢሜይል መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች በዲኤንኤስ (በኢንተርኔት የስም ማውጫ) ውስጥ የሚዘረዝረው ጽሑፍ፣ ለአንድ ዶሜይን አንድ ሪከርድ ብቻ ነው። ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ አንድ፣ ሰርቨሩን የተከለው ደግሞ ሌላ አስገብተው ከሆነ ሁለቱም ዋጋ የላቸውም፤ ወደ አንድ አጠቃልሏቸው። ሪከርዱ የሚያስነሳው የዲኤንኤስ ፍለጋም ከ10 ማለፍ የለበትም። የዲኪም ፊርማ (ኢሜይሉ ከዶሜይናችሁ መውጣቱንና መንገድ ላይ አለመቀየሩን የሚያሳይ ዲጂታል ፊርማ) ልክ አይደለም ካለ ዲኤንኤስ ውስጥ ያስገባችሁትን ቁልፍ መጨረሻ ከሰርቨሩ ቁልፍ ጋር አመሳክሩ፦ ባለ 2048 ቢት ቁልፍ ከ255 ፊደል ስለሚበልጥ ተከፋፍሎ በየራሱ ጥቅስ ምልክት ውስጥ መግባት አለበት፤ አለዚያ ጫፉ ተቆርጦ ሊቀር ይችላል።

ብዙ ሰው የሚንከራተተው በሪቨርስ ዲኤንኤስ፣ ማለትም ከአይፒ ቁጥሩ ተነስቶ የሰርቨሩን ስም በሚያሳየው መዝገብ ነው። ይህ ከዶሜይን መቆጣጠሪያ ገጻችሁ አይስተካከልም፤ የሚያስገባው አይፒውን የሰጣችሁ የኢንተርኔት አቅራቢ ነው። ቋሚ አይፒ ይዛችሁ፣ አይፒውንና የሰርቨሩን ሙሉ ስም በደብዳቤ ጽፋችሁ ጠይቁ። ስሙ ተመልሶ ያንኑ አይፒ ማሳየት አለበት። ሰርቨሩም ሲገናኝ ራሱን በዚያው ስም ያስተዋውቅ፤ ፖስትፊክስ በሚባለው የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌር ላይ «ሎካልሆስት» ተብሎ የቀረ ስም ያስጠረጥራል።

ስፓምአሳሲን የሚባለው የስፓም ማጣሪያ በውጤቱ ገጽ ላይ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ ስለ ቀን የሚያወራ መስመር ካያችሁ ደግሞ ሰዓቱን እዩ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የማዘርቦርዱ ባትሪ ካለቀ ሰርቨሩ በተሳሳተ ቀን ይነሳል፣ ኢሜይሉም የዓመታት ዕድሜ ይዞ ይወጣል። ባትሪው ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 ነው፤ ቀይሩት፣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን ኤንቲፒም አብሩ።

ገጹ የሚፈትሻቸው ጥቁር መዝገቦች (የተጠረጠሩ ላኪዎች ዝርዝሮች) ሁሉ እኩል አይደሉም። ስፓምሃውስ በሚባለው ላይ ከወጣችሁ በቁም ነገር ያዙት። የተገኛችሁት ፒቢኤል በሚባለው ዝርዝሩ ከሆነ ግን አጥፍታችኋል ማለት አይደለም፤ አይፒው በቀጥታ ኢሜይል እንዲልክ ያልታሰበ የመስመር ዓይነት ነው ማለት ነው።

መሣሪያው የማያየው የላኪን ዝና ነው። ጂሜይል ተቀባዮች «ስፓም ነው» እያሉ ስንት ጊዜ እንደጠቆሙባችሁ ይቆጥራል፤ ከእ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በቀን ከ5000 በላይ የሚልክ ሰው ይህን ከ0.3 በመቶ በታች እንዲያደርግ ይጠየቃል፤ ኤስፒኤፍና ዲኪም ያላለፈ ኢሜይል ምን ይደረግ የሚለውን ለተቀባዩ የሚናገረው ዲማርክም ግዴታው ነው። ይህን የሚያሳየው የጉግል ፖስትማስተር ቱልስ እንጂ ሜይል ቴስተር አይደለም። ስለዚህ 10 ከ10 አግኝቶ ስፓም መግባት ያለ ነገር ነው።

ሌላም ያመልጠዋል። በመንገድ ሥራ ፋይበሩ ተቆርጦ ቢሮው ወደ 4ጂ ራውተር ሲዞር ሰርቨሩ በሌላ አይፒ ይወጣል፤ ጠዋት 10 ያገኘው ሰርቨር ከሰዓት በኋላ ኤስፒኤፍ ይወድቃል። ለዚህ የሚበጀው በሁለቱም መስመር የሚወጣውን ኢሜይል በፖርት 587 ውጭ ባለ አንድ ሪሌይ (አስተላላፊ) ሰርቨር በኩል አሳልፎ፣ የዚያን አይፒ በኤስፒኤፍ ውስጥ ማስገባት ነው። ሙከራውንም ፋይበሩን ነቅላችሁ አንዴ ድገሙት።