ኤክሴል ለመማር፦ ዩቲዩብ ወይስ ኮርሴራ?

ከአርባ ዓመቴ በኋላ ኤክሴል ለመማር ዩቲዩብንም፣ ኮርሴራ የተባለውን የኢንተርኔት ትምህርት መድረክም ሞክሬያለሁ።

ዩቲዩብ ቅርብ ነው። በአማርኛ የሚያስተምሩ አሉ። ያልገባኝን ወደኋላ እመልሳለሁ፤ ፍጥነቱንም ወደ 0.75 ዝቅ አደርጋለሁ። ሥራ ላይ ፎርሙላ ሲጠፋኝ በ5 ደቂቃ የማገኘው እዚያ ነው። ችግሩ የሚመጣው ቪዲዮው ሲያልቅ ነው። እያየሁ ሁሉም የገባኝ ይመስለኛል፤ ባዶው ሠንጠረዥ ፊቴ ሲመጣ ግን እጄ ይታሰራል። ማወቅ አለማወቄን የሚጠይቀኝ የለማ!

ኮርሴራን እ.ኤ.አ. በ2012 የመሠረቱት ሁለት የስታንፎርድ መምህራን ናቸው። ትምህርቱ ተከፋፍሎ፣ ከነጥያቄው ይመጣል። ስሳሳት ያሳየኛል። ቪሉክአፕ (ከሠንጠረዥ ውስጥ መረጃ ፈልጎ የሚያመጣው ፎርሙላ) የገባኝ ጥያቄውን ሦስቴ ወድቄ ነው። በአራተኛው ሳልፍ ከወንበሬ ተነስቼ ልጆቼን ጠራኋቸው። ያን ደስታ ቪዲዮ ብቻ በማየት አግኝቼው አላውቅም። አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሰርተፊኬቱም ያስከፍላል። መክፈል ለማይችል ግን የእርዳታ ማመልከቻ አለው።

ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ኮርሴራን እመርጣለሁ። ለዛሬ ሥራ መላ ለቸገረው ዩቲዩብ ይበቃል፤ ቪዲዮውን እያቆመ አብሮ ከሠራ ማለቴ ነው።