ስታቢላይዘር የሌለው አሮጌ ሌንስ ለጣና ወፎች

ካኖን 400 ሚሊ ሜትር ኤፍ 5.6 ኤል የተባለውን የካሜራ ሌንስ መጠቀም ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ሥራ በሌለኝ ጠዋት ሁሉ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። ይገዛ ወይስ ይቅር እያሉ ስለዚህ ሌንስ የሚጠይቁኝ ልጆች በዝተዋልና አንዴ በደንብ ልጻፈው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የሚበር ወፍ ማንሳት ከፈለጋችሁና ብዙ ብር ከሌላችሁ፣ ያገለገለውን ፈልጋችሁ ግዙት። ለሠርግ ወይም ለገዳም ውስጥ ሥዕል ከሆነ ተዉት፣ አይሆንም።

ሌንሱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር የለውም፣ ዙም አያደርግም፣ ዝናብም አይችልም። መጀመሪያ ይህን ስሰማ ፊቴን አዙሬ ነበር። ያኔ የጓደኛዬን 150-600 ሲግማ እየተዋስኩ ነበር የምሠራው። ጥሩ ሌንስ ነው፤ ግን ብቻውን ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል፣ ካሜራ ሲጨመርበት ደግሞ ጀልባ ላይ ቁጭ ብዬ ፔሊካኑ እስኪነሳ ስጠብቅ ክንዴ ይዝልና አወርደዋለሁ፣ ልክ ሳወርደው ወፉ ይነሳል። ይኼኛው 1.25 ኪሎ ብቻ ነው። ካሜራዬ ካኖን ሰቨን ዲ ማርክ ቱ ላይ ገጥሜው እንኳ ከ2 ኪሎ ብዙም አያልፍም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዓይኔ ላይ አድርጌው መቆየት እችላለሁ። ለኔ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ስታቢላይዘሩስ? የሚያረጋጋው የያዘውን ሰው እጅ ነው፤ የሚርገበገበውን ክንፍ አያቆምልህም። ክንፍ የሚያቆመው ሻተር ስፒድ ነው፣ ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚዘጋበት ፍጥነት። እኔ ከ1/2000 ሰከንድ አልወርድም፤ ለዚያች ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ዓሣ አጥማጅ ወፍ፣ ውኃው ላይ አየር ውስጥ ቆማ ክንፏን ለምታርገበግበው፣ 1/3200 አደርገዋለሁ። በዚህ ፍጥነት የጀልባው መወዛወዝም የእጄም መንቀጥቀጥ ፎቶው ላይ አይታይም። በዓይን መመልከቻው ውስጥ ወፏን ይዞ መከተል ግን መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፣ ይሄን አልደብቅም።

ፎከሱ ፈጣን ነው። ጎኑ ላይ ያለውን ማብሪያ ከ8.5 ሜትር ወዲያ ብቻ እንዲፈልግ ካደረጋችሁት ከፊት ባለው ደንገል ላይ እየሄደ አይጠፋባችሁም። ይህን ሳላውቅ ስንት ንስር አምልጦኛል። የፀሐይ መከላከያውም ከሌንሱ ጋር የተሠራ ነው፤ ስቦ ማውጣትና ማዞር ብቻ።

ድካሙ ብርሃን ላይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ በጣም ያምራል፣ ኤፍ 5.6 የሚባለው የሌንሱ መክፈቻ ግን ለዚያ ሰዓት ጠባብ ነው። የካሜራው የብርሃን ስሜት፣ አይ ኤስ ኦው፣ 3200 ይደርሳል፣ ሰቨን ዲ ማርክ ቱ ላይ ደግሞ ይሄ ነጠብጣብ ያበዛል። ከ1 ሰዓት በኋላ እስከ 3 ሰዓት ያለው ነው የሌንሱ ጊዜ።

ቦታ ለሚጠይቁኝ፦ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት፣ በደብረ ማርያም በኩል በጀልባ ሂዱ። ጉማሬ ስላለ ጀልባ ነጂው የሚላችሁን ስሙ። ሁለተኛው ዓሣ የሚራገፍበት ዳርቻ ነው። ቀረሶና አምባዛ ሲበለት ሆድ ዕቃው ወደ ውኃው ይጣላል፤ ፔሊካኑም አባ ኮዳውም ጭላቱም እዚያው ናቸው። አንድ ቀን ፔሊካን ሳሳድድ አንድ ወጣት ታንኳ ቀዛፊ «ጋሼ፣ አይከተሉት። ነፋሱን ጀርባዎ ላይ አድርገው ይቁሙ፣ ራሱ ይመጣል» አለኝ። እውነቱን ነው። ወፍ የሚነሳውም የሚያርፈውም ከነፋስ አቅጣጫ ፊት ለፊት ነው፤ ነፋሱ ከጀርባህ ከሆነ ፊቱን ወደ አንተ አድርጎ ይመጣል።

አሁን ኤዲቱ። ሁሌም ሮው (ካሜራው ያልጨመቀውን ጥሬ ፋይል) አንሱ። ሳቢሳና ፔሊካን ነጭ ናቸው፣ ውኃው ጥቁር ነው፤ ካሜራው ውኃውን አይቶ ፎቶውን ያበራዋል፣ ነጩ ላባ ይቃጠላል፣ ማለትም ባዶ ነጭ ይሆናል። የተቃጠለ ነጭ በፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም በላይትሩም አይመለስም። ስለዚህ ስታነሱ ብርሃኑን አንድ ስቶፕ (በግማሽ) ቀንሱ፣ ጥላውን ቤት ገብታችሁ ታነሱታላችሁ። ወፉ በሰማይ ላይ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፣ ጨምሩ። ዓሣ አዳኙ ንስር ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ክንፉ ጥቁር ስለሆነ ከሁሉም ይከብደኛል። እሱን የማነሳው ብርሃኑን ለጭንቅላቱ ነጭ ለክቼ ነው፤ ከዚያ በማስክ ክንፉን ብቻ በትንሹ አበራዋለሁ።

ሻርፕ ማድረግ (የፎቶውን ጠርዞች ማጥራት) ላይ ብዙ ሰው ያበላሻል። ሻርፕኒንግ ሥር ያለውን የማስኪንግ መስመር አልት ቁልፉን ይዛችሁ ጎትቱት። ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ ነጩ ሻርፕ የሚሆነው ነው፣ ጥቁሩ የሚተወው። ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ጥቁር እስኪሆንና የላባው ጠርዝ ብቻ እስኪቀር ጎትቱ። ካልሆነ ሰማዩ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ለነጠብጣቡ እ.ኤ.አ. በ2023 ላይትሩም ላይ የመጣው ዲኖይዝ ሕይወቴን አቅልሎታል፤ ያ የ12 ሰዓት ተኩል ፎቶ ሁሉ አሁን ይወጣል። ግን መጠኑን ዝቅ አድርጉት። ከፍ ሲል ላባው ፕላስቲክ ይሆናል፣ እያንዳንዱ ላባ ካልታየ ደግሞ ይህን ሌንስ ለምን ገዛን?

ክሮፕ ስታደርጉ (ፎቶውን ስትቆርጡ) ወፉ በሚሄድበት በኩል ቦታ ተዉለት። ሰማይ ከሌላ ፎቶ አምጥቼ አልቀጥልም፤ የጣና ሰማይ ደመናም ይሁን ጭጋግ የዚያ ቀን ሰማይ ነው።

ስትገዙ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የመጀመሪያዬን ያለ ምርመራ ነው የወሰድኩት፣ ቤት ገብቼ ስልክ መብራት ሳበራበት ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ሻጋታ ነበር። ሻጩ አልመልስም አለኝ። ሁለተኛውን ስገዛ እዚያው ቆሜ ከፊትም ከኋላም በመብራት አየሁት። አሁን እርጥበት ከሚስብ ጄል ጋር ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ፌስታል አይጠፋም።

ክረምቱ ሲያልፍ ወደ ፎገራ ረግረግ እወርዳለሁ። እዚያ ያሉት ዘውድ ያላቸው ትልልቅ ወፎች ሰው ወደ እነሱ ሲቀርብ ቶሎ ይነሳሉ፣ ስለዚህ 400ው ይበቃ እንደሆነ የሚታየው እዚያ ነው።