የአያቴን ረሽ ቁጥር ላነበቡልን አባት፣ ከልብ የመነጨ ምስጋና

ጅማ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ይቆጨኛል።

አያቴ ትተውልን ያለፉት አንድ ባለ ሁለት አፈሙዝ ረሽ፣ ማለትም የአደን ጠመንጃ፣ አለን። በቆሎ የሚጨርሰውን ከርከሮና ዝንጀሮ ሲያባርሩበት የኖሩበት ነው። ፈቃዱን ወደ አባቴ ስም ለማዞር ስንሞክር የጠመንጃው መለያ ቁጥር አልገጥም አለ። አፈሙዙ ሥር ሌላ፣ መሃል ብረቱ ላይ ሌላ፣ ከፊት በግራ እጅ የሚያዘው እንጨት ብረት ላይ ደግሞ ሌላ። የ2012ቱ የጦር መሣሪያ አዋጅ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለው ነገር ቀልድ አይደለም። አባቴ ደነገጠ። «ፋቁትና አንድ ቁጥር አስመቱበት» ያለንም ሰው አልጠፋም።

ደግነቱ ጎረቤታችን ሂርማታ አካባቢ በፈቃድ መሣሪያ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ጠቆሙን።

መጀመሪያ ጥይት አለመኖሩን አዩ። ከዚያ ፈታቱት። አፈሙዙ ሥር ያየነው 18.2 ለካ መለያ ቁጥር አይደለም! «ልጄ፣ ይሄ የቱቦው ስፋት ነው፤ በሚሊሜትር» አሉኝ። አጠገቡ ዘውድ ያለበት ሞላላ ማህተም አለ። ሊዬዥ በምትባል የቤልጅጎች ከተማ ያለው የጠመንጃ መፈተሻ ቤት ምልክት ነው። እዚያ አዲስ ጠመንጃ ከልክ ያለፈ ባሩድ ጎርሶ ይተኮሳል፤ ከቻለው ማህተም ይመታበታል። እውነተኛው ቁጥር የዘመናት ቅባት ሥር ተደብቆ ነበር። በነጭ ጋዝ አጥበው አወጡት። ከመሃል ብረቱ ጋር አንድ ነው። እፎይ!

የፊተኛው እንጨት ግን በእርግጥም የሌላ ጠመንጃ ነው። ድሮ እያንዳንዱ አካል በእጅ በሞረድ ተስተካክሎ ነው የሚገጥመው፤ ቁጥር የሚመታበትም አንዱ ከሌላው እንዳይደባለቅ ነው። ወደ ብርሃን አዙረው ክፍተቱን አሳዩን። አንድ ጊዜ ተሰብሮ ተለውጦ ይሆናል አሉ። ስለ መፋቅ ስነግራቸው ፊታቸው ተቀየረ። «ከፋቃችሁትማ ንጹሑን ዕቃ የሌባ ዕቃ አደረጋችሁት!»

እንዳይተኮስበትም አስጠነቀቁን። አፈሙዙ እንደ ሹሩባ ከተጎነጎነ ብረት የተሠራ፣ ለድሮው ጥቁር ባሩድ የታሰበ ነው። የዛሬው ጥይት ሊያፈነዳው ይችላል። ይህን ባይነግሩን አባቴ መሞከሩ አይቀርም ነበር።

ቁጥሮቹን ከየቦታቸው ጋር በወረቀት ጻፉልን። ፈቃድ ሰጪው ቢሮም እንዳለ ተመዘገበ። የጠየቁን 300 ብር ብቻ ነው።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልን። የአያት መሣሪያ ያላችሁ፣ አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። የፈቃድ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ እሱ እጃቸውን አይዘረጉም።