ለሥዕል መምህሬ ምስጋና፣ መሳል ለሚወድ የሀዋሳ ሰው ደግሞ ጥቆማ

ይህን ለመጻፍ ሦስት ቅዳሜ አመነታሁ። መምህሩ ስማቸው እንዲነሳ አይወዱም። «ስሜን ተይው፤ መሳል የሚፈልግ ካለ ቦታውን ንገሪው» ስላሉኝ ስም አልጠቅስም። ምስጋናውን ግን ውጬ መቀመጥ አልቻልኩም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ልጆች የማያውቁትን ነገር በቃል ብቻ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚከብድ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥዕል የሚፈልግ ትምህርት በደረሰ ቁጥር ከጎረቤት ክፍል ያለውን ባልደረባዬን እየለመንኩ ኖርኩ። ዓምና እሱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። አንድ ቀን በሰሌዳው ላይ ፍየል ስዬ ስጨርስ፣ ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ምን እንደሆነ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። ልታሾፍብኝ አልነበረም፤ በእውነት አላወቀችውም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር ሥልጠና ተመዘገብኩ። የት እንደሆነ አልናገርም። ክፍያውን በሙሉ አስቀድመው ተቀበሉኝ። ሃያ አራት እርሳስ ያለበት ስብስብም አስገዙኝ፤ ከሃያ አራቱ የተጠቀምኩት ሁለቱን ነው። አሠልጣኙ አርፍዶ ይመጣል፣ የሰው ፎቶግራፍ ያድለናል፣ «ይህን ገልብጡ» ብሎ ስልኩን ይዞ ይወጣል። በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቴን ከፊቴ አንስቶ ለክፍሉ ሁሉ ከፍ አድርጎ አሳየና «መሳል ተሰጥኦ ነው፤ ከሌለ የለም» አለ። ሰው ሳቀ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እንደ ሕፃን አንገቴን ደፋሁ። ገንዘቤን ስጠይቅ የተከፈለ አይመለስም ተባልኩ። ገንዘቡን ረስቼዋለሁ፣ ያን ሳቅ ግን እስካሁን ይሰማኛል።

የእህቴን ልጆች ዓሣ ላበላ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል የወሰድኳቸው ዕለት ነው መምህሬን ያገኘሁት። ከትልቁ ዋርካ ሥር ስምንት ያህል ሰዎች፣ ሽማግሌም ወጣትም፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ይስላሉ። ቆሜ ሳይ አንድ አዛውንት «ቁጭ በይ ልጄ» ብለው ከደብተራቸው ወረቀት ቀድደው ከእስክርቢቶ ጋር ሰጡኝ። መሳል እንደማልችል ነገርኳቸው።

«ስምሽን መጻፍ ትችያለሽ?»

«እንዴታ፣ መምህርት ነኝ እኮ።»

«እንግዲያው እጅሽ ይታዘዝሻል። የቀረው ዓይንሽ ነው።»

በሦስተኛው ቅዳሜ ከጆንያቸው ጀበና አውጥተው ከፊታችን አስቀመጡ። አራት ጊዜ ሞከርኩ። ሆዱ ያብጣል፣ አንገቱ ይጣመማል። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ዕንባዬም መጣ። አጠገቤ ቁጭ አሉና «ጀበናውን ተይው» አሉኝ። «በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለችው ክፍተት ትታይሻለች? በእሷ ውስጥ ሐይቁ ይታያል። ያችን የሐይቅ ቁራሽ ብቻ ሳዪልኝ።» ሳልኳት። «አሁን ከአንገቱ በስተግራ ያለውን ሰማይ።» ሳልኩት። ቀና ስል ጀበናው ወረቀቴ ላይ ቆሟል! ስለ ዓይንና ስለ አእምሮ ብዙ አስረዱኝ፤ ግማሹም አልገባኝም። ጀበናው ግን ጀበና ነበር።

ከዚያ ወረቀቴን አነሱት። ለሁሉም ከፍ ሲያደርጉት ልቤ ቀጥ አለ፤ ያ ክፍል፣ ያ ሳቅ ትዝ አለኝ። «ሐይቁን እዩት» አሉ። «እንዴት አድርጋ እንዳየችው ተመልከቱ።» ማንም አልሳቀም። አንድ የባጃጅ ሾፌር ተነስቶ መጥቶ በቅርብ አየው። መምህሬ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ በሁለት እጃቸው ነው የሰጡኝ። እኔ ተማሪዎቼን ደብተራቸውን እንዲህ መልሼላቸው አውቃለሁ? ከዚያን ቀን ወዲህ እመልስላቸዋለሁ።

ማታ የእናቴን ጀበና ከቁም ሣጥን አወጣሁት። ካረፈች አምስት ዓመቷ ነው፤ ጀበናውን ግን አንድም ቀን አልነካሁትም ነበር። እስከ እኩለ ሌሊት ሳልኩት። እናቴ በጨርቅ ላይ ጥልፍ ስትጠልፍ ንድፉን በከሰል ትጭር እንደነበር የታወሰኝ ያኔ ነው፤ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም።

ስለ መምህሬ የማውቀው ጥቂት ነው። አለ ፈለገሰላም እ.ኤ.አ. በ1957 በመሠረቱት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረዋል። ሥዕላችን ፎቶግራፍ አልመሰለም ብለን ስናዝን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችን ያነሱልናል፤ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ክፉውን በጎኑ አዙረው በአንድ ዓይን እንደሚስሉት። «ያዩትን ሳይሆን ሊሉት የፈለጉትን ነው የሳሉት» ይላሉ። እኔ ከዚህ በኋላ ፎቶግራፍ አልገለበጥኩም።

የሚያስተምሩት ነገር ሁሉ ቀላል ነው፤ ለዚህም ነው ሰው እንዲሄድ የምለምነው። ላጲስ አይፈቅዱም። የተሳሳተው መስመር እዚያው ይቆይ፣ ቀጣዩ የት መሆን እንዳለበት የሚያሳይሽ እሱ ነው ይላሉ። በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ይሻላል። አንዳንዴ ወረቀቱን ጨርሶ ሳናይ፣ ዓይናችንን ከነገሩ ላይ ሳንነቅል እንድንስል ያደርጉናል፤ የሚወጣው ሥዕል አያምርም፣ ዓይን ግን ይሠለጥናል። አባ ኮዳን በእንቁላል ቅርጽ ጀምረን ሁለት ዘንግና አንድ ረጅም ሹል ምንቃር እንጨምርበታለን። ወፉ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ስለሚቆም ለጀማሪ ይመቻል። መረብ የሚጎትቱት ዓሣ አጥማጆች ግን አይቆሙም፤ እነሱን እሳቸው እስከ ሠላሳ ቆጥረው ሳይጨርሱ መሳል አለብን። ረጅም መስመር ደግሞ ከእጅ አንጓ ሳይሆን ከትከሻ ይሳባል። ሰሌዳ ላይ ያዳነኝ ይህ ነው፤ መምህራን ሆይ ስሙኝ!

በስብሰባ ላይ የደብተሬ ጠርዝ ላይ ስሞነጫጭር አንድ አለቃ ዘልፎኝ ያውቃል። መምህሬ ደብተሬን ሲያገላብጡ ከሁሉ አስቀድመው ያደነቁት ያንን ጭረት ነው። «እዚህ ላይ አልፈራሽም» አሉኝ። ስልክ እያወራችሁ የምትሞነጫጭሩ ሁሉ አትጣሉት፤ ይዛችሁላቸው ሂዱ።

ባለፈው ሰኞ በሰሌዳዬ ላይ ዓሣ ሳልኩ። ያቺው ልጅ ክንፉን ሳልጨርስ «ቆሮሶ!» ብላ ጮኸች። መምህሬ፣ ይህ የእርስዎ ነው። ክፉ አይንካዎት።

እባካችሁ ሂዱ፣ ልጆቻችሁንም ውሰዱ። ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት፣ አሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያውን እንዳለፋችሁ ትልቁ ዋርካ ሥር ናቸው። ከተማሪ ልጆች ገንዘብ አይቀበሉም፤ ለአራት ቅዳሜ ከእኛ የሚጠይቁት ያንን የእርሳስ ስብስብ ከገዛሁበት ያነሰ ነው። መስመር የሌለው ደብተርና አንድ እስክርቢቶ ያዙ። ድንጋዮቹ በጠዋት ይቀዘቅዛሉ፣ መቀመጫ ጨርቅ አትርሱ። ቦታው ከጠፋችሁ አባ ኮዳዎቹ የተሰበሰቡበትን ተከተሉ፤ እኔም እዚያው ነኝ።