ዳያሎግ ኤለመንት፦ መዝጋት ላይ ምን ያህል ያስተማምናል?

ሞዳል (ገጹ ላይ ብቅ ብሎ ከኋላው ያለውን የሚያግድ መስኮት) ስንሰራ ሁላችንም አከፋፈቱን ነው የምናሳምረው፣ አዘጋጉን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም፣ ተጠቃሚው የሚናደደው ደግሞ እዛ ጋ ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ መስኮት የተሰራውን የኤችቲኤምኤል ዳያሎግ ኤለመንት (dialog የሚለውን ታግ) በአዘጋጉ ብቻ ልገምግመው።

ሾውሞዳል (showModal) በሚለው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ የከፈትከውን ክሎዝ (close) በሚለው ትዘጋዋለህ፣ ሌላ ነገር የለውም። ከኋላ ታግዶ የነበረውን ገጽ ብራውዘሩ ራሱ ይለቀዋል፣ ፎከሱንም (ኪቦርዱ የሚሰራበትን ቦታ) ሞዳሉ ከመከፈቱ በፊት ወደነበረበት በተን ይመልሰዋል። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ማውዝ ሳይነካ በኪቦርድ ብቻ ለሚሰራ ወይም በስክሪን ሪደር (ስክሪኑን በድምጽ በሚያነብ ፕሮግራም) ለሚጠቀም ሰው ሞዳሉ ተዘግቶ ፎከሱ ገጹ አናት ላይ ሲጣል የነበረበትን ቦታ እንደገና ሊፈልግ ነው ማለት ነው። በዲቭ (በተራ የኤችቲኤምኤል ሳጥን) ስንሰራው ይሄን ሁሉ እኛው መጻፍ ነበረብን፣ ብዙ ሰው ደግሞ አይጽፈውም።

ክሎዝ ውስጥ ቃል አስገብቶ መዝጋትም ይቻላል፣ ለምሳሌ "ይጥፋ" ብለህ ትዘጋዋለህ ከዛ ክሎዝ ኢቨንቱ (መዘጋቱን የሚያሳውቀው ምልክት) ላይ ሪተርንቫልዩን (ያስገባኸው ቃል የሚቀመጥበትን) አንብበህ ተጠቃሚው የቱን እንደመረጠ ታውቃለህ። የፎርሙን ሜተድ ዳያሎግ ካደረግከው ደግሞ ያለ አንድ መስመር ጃቫስክሪፕት በተኑ ሲነካ ይዘጋል። ግን እዚህ ጋ በጣም ተጠንቀቁ፦ ሰውየው በኢስኬፕ ከዘጋው ሪተርንቫልዩ አይቀየርም፣ ያለፈው እዛው ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ስለዚህ ቀድሞ አንዴ "ይጥፋ" ብሎ ከነበረ አሁን ሀሳቡን ቀይሮ በኢስኬፕ ሲወጣም ኮድህ "ይጥፋ" ብሎ ያነበዋል። ሁሌ ከመክፈትህ በፊት ባዶ አድርገው። ኦፕን (open) የሚለውን አትሪቢዩት (ታጉ ላይ የሚጻፍ ቅንብር) አንስተው የሚዘጉም አሉ፣ አታድርጉት፣ ከዓይን ይጠፋል እንጂ ክሎዝ ኢቨንቱ አይነሳም።

ደካማ ጎኑ ከሞዳሉ ውጪ ሲነካ መዝጋት ነው። ይሄን የሚያስችለው ክሎዝድባይ (closedby) የሚባለው አትሪቢዩት ክሮም ላይ የገባው ገና በ2025 ነው፣ እሱን የማያውቅ ብራውዘር ላይ ክሊኩ የት እንዳረፈ በስክሪፕት ማጣራት ግድ ነው። አኒሜሽንም ከፈለግክ ክሎዝ ወዲያው ስለሚደብቀው ሲኤስኤሱ ላይ ትንሽ መልፋት አለ።

ቡትስትራፕ (የራሱ ሞዳል ያለው የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) ላይ ያላችሁ ለዚህ ብላችሁ ፕሮጀክት አታፍርሱ፣ ሃይድ የሚለው ትእዛዝ ሞዳሉ ተዘግቶ ሳያልቅ እንደሚመለስ ካወቃችሁና ቀጣዩን ስራ ሂደን (hidden) የሚለው ኢቨንት ላይ ካደረጋችሁት በደንብ ይሰራል። አዲስ ለሚጀምር ግን ሳላመነታ ዳያሎግን ነው የምመክረው፣ ክሮም ከ2014 ጀምሮ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ይደግፉታል፣ ለተራ ማረጋገጫ ሞዳል ላይብረሪ መጫን አሁን አያስፈልግም።