«ይቺ ሰሌዳ ፋኑን አትችለውም» ላለኝ የኮምቦልቻ ኤሌክትሪሽያን ምስጋና

ሰላም የደሴ፣ የኮምቦልቻና የአካባቢው ባለመኪኖች። ስለ ጋራዥ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ እሮሮ ነው፤ እኔ ዛሬ የመጣሁት ለማመስገን ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሽያን አለ። «ስልክ ሳነሳ ከዋልኩ ሥራ መቼ ልሠራ ነው?» ብሎ አደራ ስላለኝ ስሙንና ስልኩን አልለጥፍም። የሚፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ቦታውን እነግረዋለሁ። ለምን እንደምጠቁመው ግን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፤ የራዲያተር ፋን ኮንትሮለር (ፋኑን እንደ ሙቀቱ የሚያስነሳና የሚያቆም መቆጣጠሪያ) ሊገዛ ያሰበ ሰው ይህን ሰምቶ ቢገዛ ይሻለዋል።

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በመሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት ጠዋት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፤ ይህ ሁሉ ልዩነት የሚያልቀው ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። ጠዋት ከጦሳ ሥር ስነሳ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ማታ ደግሞ ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነስቼ ጭነት ከያዘ ሲኖትራክ ኋላ በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅሁ ነው የምወጣው። መኪና ሜዳ ላይ ሲሮጥ ንፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል። እንዲህ ዓይነት ዳገት ላይ ግን ያለው ንፋስ ፋኑ የሚስበው ብቻ ነው።

መኪናዬ በፈረንጆቹ የ1990ዎቹ መጀመሪያ ኮሮላ ናት። ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤት ዘንድ ሳለች አንድ ጋራዥ ፋኑን በሌላ ትልቅ ፋን ቀይሮ «ዳይሬክት» አስሮታል። ቁልፍ ሲከፈት ፋኑ ይነሳል፣ ቁልፍ እስኪዘጋ አያርፍም። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደውን ቴርሞስታትም አውጥቶ ጥሎታል። እነዚህን ሁለት ነገሮች የማያውቅ ባለመኪና በአገራችን ያለ አይመስለኝም፤ «ከእንግዲህ አትሞቅም» ተብለን እንመረቃለን፣ እኛም አሜን ብለን እንነዳለን። የእኔዋ ደሴ ውስጥ የሙቀት መርፌዋ ከታች አትነሳም ነበር፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ቤንዚን ይጠጣል። ሐረጎ ላይ ደግሞ ያው ፋን እየዞረ መርፌዋ ወደ ቀዩ ትጠጋለች።

ታናሽ ወንድሜ የማያነበው ነገር የለም፤ ከአዲስ አበባ ዲጂታል የሙቀት መቆጣጠሪያ ገዝቶ ላከልኝ። ቁጥር የምታበራ ትንሽ ሰሌዳ ናት፣ በሽቦ የተንጠለጠለች ሴንሰር አላት። «በ80 ዲግሪ ይነሳ ብለሽ ሙዪው፣ ሌላ ጣጣ የለውም» አለኝ። ወደዚህ ሰው የሄድኩት እሷን እንዲገጥምልኝ ነው።

ሰሌዳዋን ገልብጦ አያት። «እትዬ፣ ይቺ ፋኑን አትችለውም። ልግጠምልዎ ብል ገንዘብዎን መብላት ነው» አለኝ። ላይዋ ያለችውን ሰማያዊ ሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ዕቃ) አሳየኝ፤ 10 አምፔር ይላል። ከዚያ ስለ ዋጋ አንዲት ቃል ሳይናገር የፋኑን ሽቦ በመንጋጋው በሚይዝ መለኪያ ያዘው። ፋኑ ሲዞር 17 አምፔር ይስባል፤ ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከእጥፍ በላይ ይዘላል። «ሪሌን የሚገድለው ይሄ መነሻው ነው» አለ። የሪሌው ጥርሶች በብልጭታው ተጣብቀው ከቀሩ ፋኑ አይቆምም፤ ከስለው ከቀሩ ደግሞ አይነሳም። አለመነሳቱ የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሰውዬውን ማመን የጀመርኩት። ሌላው ቢሆን ሰሌዳዋን ገጥሞ የእጁን ዋጋ ተቀብሎ ይሸኘኝ ነበር፤ ሲቃጠልም ጥፋቱ የዕቃው እንጂ የእሱ አይሆንም።

መለካቱን ቀጠለ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት አለ፣ ፋኑ ስፒና (የሽቦው መሰኪያ) ላይ ግን 11 እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ የት ጠፋ? ቀጭኗ ሽቦ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ነው የቀረው፤ «ይንኳት» ብሎ አስነካኝ፣ በእርግጥም ትሞቃለች። ፋን ቮልት ሲያንሰው ፍጥነቱ ይወድቃል፣ የሚስበው ንፋስም አብሮ ይወርዳል። በዚያች ሽቦ ላይ የፈለገውን ያህል ውድ ኮንትሮለር ቢታሰር ሐረጎ ላይ መሞቄ አይቀርም ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ የራዲያተሩ ክዳን። ለዚህ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ አስጠበቀኝ፤ ትኩስ ክዳን አይከፍትም። የክዳኑ ጎማ ተሰነጣጥቋል። ይህን ነገር ለእኛ ለደጋዎቹ ጠንቅቆ የሚያስረዳ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ ደሴ ከፍታ ላይ ግን በ92 ገደማ። የራዲያተር ፋን ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከ90 እስከ 95 ባለው መሃል ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ፋኑ ሳይነሳ ውሃው ሊፈላ ይችላል። 0.9 (የግፊቱ መጠን በባር ነው) የሚል ደህና ክዳን በትክክል ከተዘጋ ግን እዚሁ ደሴ ላይ መፍያው ከ110 ይበልጣል። አዲስ ክዳንና በ82 ዲግሪ መከፈት የሚጀምር ቴርሞስታት ግዢ አለኝ፤ ይቅርታ፣ እሱ እንኳ «ይግዙ» ነው ያለኝ፣ አንቱታውን አንዴም አልለቀቀም። ውሃውንም አስደፍቶ ኩላንት አስሞላኝ። የወንድሜን «80 ሙዪው» ስነግረው ሳቀ። ቴርሞስታቱ በ82 እየከፈተ ፋኑ በ80 ይነሳ ማለት፣ እንደገና ዳይሬክት ማሰር ነው። ፋኑ የሚነሳበት ሙቀት ቴርሞስታቱ ከሚከፍትበት በደንብ ከፍ ማለት አለበት፤ በሚነሳበትና በሚቆምበት መሃልም ጥቂት ዲግሪ ልዩነት ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ በየደቂቃው እየነቃ እየተኛ ሪሌውን ይጨርሰዋል።

ቡና መጣ። ወሎ ነው፤ ቡና ሳይጠጣ የሚወሰን ነገር የለም። አማራጮቹን የነገረኝ ሲኒ ይዘን ነው።

በራዲያተሩ ክንፎች መሃል ሴንሰሩ የሚሰካውን ዓይነት በአጭሩ ጣለው፦ የክንፉን ሙቀት እንጂ የውሃውን አይለካም፣ ንፋስ ያታልለዋል፣ ሲሰካም ቱቦ ሊበሳ ይችላል። ፒ ደብልዩ ኤም የሚባለውን ግን አመሰገነው። ፋኑን ቀስ አድርጎ ያስነሳዋል፣ እንደ ሙቀቱ መጠን ፍጥነቱን ይጨምራል ይቀንሳል። የመነሻው ዝላይ ስለሌለ ዲናሞው አይደነግጥም፣ ድምፁም ዝግ ይላል። 30 እና 40 አምፔር ለሚስብ ትልቅ ፋን እሱ ራሱም የሚመርጠው ይሄንን ነው። ለእኔዋ ግን አልመከረኝም። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ራሱም ስለሚሞቅ ንፋስ የሚያገኝበት ቦታ ተፈልጎ መታሰር አለበት። «ደግሞ ወልዲያ መንገድ ላይ ቢሞትብዎ ማን ይሠራልዎታል? ሪሌ ግን መርሳም ቢሆን ይገኛል» አለኝ። የወንድሜ ሰሌዳም ጨርሶ የማትረባ አይደለችም፤ ፋኑን ራሷ ሳትሸከም ትልቅ የመኪና ሪሌ እንድታዝ ብቻ ከተደረገች ትሠራለች። ግን ውሃና ንዝረት አትወድም፣ ኮፈን ሥር ሁለቱም ሞልተዋል።

ዋናው ነገር ግን ራዲያተሩ ታች ነበር። ፋብሪካው ያስቀመጠው የፋን ስዊች ስፒናው ወልቆ ተንጠልጥሎ አሁንም ቦታው ላይ ተቀምጧል። የዚያ ዘመን ኮሮላ ስዊች ደግሞ ከብዙዎቹ የተለየ ነው። ሌሎች መኪኖች ላይ ስዊቹ ሲሞቅ ያገናኛል፣ ሪሌው ይስባል፣ ፋኑ ይነሳል። የእኔዋ ተገላቢጦሽ ናት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ስዊቹ ማሳውን (ኔጌቲቩን) አገናኝቶ ሪሌውን ስቦ ይይዘዋል፣ ፋኑም ያርፋል። 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስዊቹ ያቋርጣል፣ ሪሌው ይለቃል፣ ፋኑ ይነሳል። ወደ 83 ሲወርድ መልሶ ያገናኛል።

እንዲህ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። የስዊቹ ሽቦ ቢበጠስ፣ ስፒናው ቢወልቅ ወይም የሪሌው ጥቅል ቢቃጠል ፋኑ ይዞራል እንጂ አይቆምም። ሲበላሽ ወደ ደህናው ወገን ነው የሚበላሸው። ይህን የማያውቅ ሰው ተራ ስዊች ወይም ባለ አራት እግር ሪሌ ሲሰካበት ፋኑ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እየተነሳ ሲሞቅ ይቆማል። ኤሌክትሪሽያኑ እንደገመተው የድሮው ጋራዥም ይሄው ግራ አጋብቶት ነው ተስፋ ቆርጦ ዳይሬክት ያሰረው።

ስለዚህ «ኮንትሮለር» ብሎ የመረጠልኝ ከመኪናዋ ጋር የመጣውን ነው፦ ያንኑ ዓይነት አዲስ ስዊችና ባለ አምስት እግር ሪሌ። ዕቃ መሸጫ ስትሄዱ ሪሌው ላይ 87ኤ የሚል እግር (ሪሌው ሲለቅ የሚያገናኘው) መኖሩን እዩ፣ ከሌለው ለዚህች መኪና አይሆንም። 40/30 የሚል ከተጻፈበት ትንሹ ቁጥር ነው የ87ኤ ወገን አቅም፤ ለ17 አምፔር ይበቃል። ቀጭኗን ሽቦ አውጥቶ ወፍራም ባለ 4 ካሬ ሽቦ ዘረጋ፣ ባትሪው አጠገብ 30 አምፔር ፊውዝ አስገባ፣ የፋኑን ማሳም ዝገት ከሌለበት ብረት ጋር አሰረው። በመሃል ደግሞ ከቁልፍ ጋር የሚከፈትና የሚዘጋ ሌላ ሪሌ አስገባ። እሱ ባይኖር፣ ሪሌው ሲለቅ ፋኑ የሚነሳ ስለሆነ ቁልፍ ነቅዬ ከገባሁ በኋላ ሌሊቱን ሲዞር አድሮ ባትሪውን ባዶ ያደርገው ነበር።

ከመረከቤ በፊት አንድ ወረቀት በራዲያተሩ ፊት አስጠግቶ ፋኑን አስነሳው፤ ወረቀቱ ተጣብቆ ቀረ፣ ስለዚህ ንፋሱ ወደ ሞተሩ ነው የሚሄደው። የፋን ሽቦ ተገልብጦ ከታሰረ ወደ ፊት ይነፍሳል፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ቀጥሎ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) አቁሞ መርፌዋ ግማሽ ላይ ስትደርስ ፋኑ ሲነሳ፣ ቆይቶም ሲቆም አሳየኝ። በመጨረሻ የስዊቹን ስፒና በእጄ አስነቀለኝ፤ ፋኑ ወዲያው ተነሳ። «አብሽሩ፣ ከእንግዲህ ሲበላሽም ይጮኽልዎታል» አለኝ። ፋኑ ላይ የሚለካው ቮልትም አሁን ከባትሪው ብዙም አይርቅም።

ዋጋውን አልጽፍም፣ የዕቃ ዋጋ ነገ ሌላ ነው። የጠየቀኝ ግን ለፒ ደብልዩ ኤሙ ብቻ ከምከፍለው ያነሰ ነው፣ የእጁም ተጨምሮ። አሁን ደሴም ኮምቦልቻም መርፌዋ ግማሽ ላይ ናት፤ ሐረጎን ስወጣ ፋኑ ይነሳል፣ ዳገቱን ጨርሼ ቀለል ሲላት ያርፋል። የወንድሜ ሰሌዳ ጫጩት የምታስፈለፍል ጎረቤቴ ጋ ናት፤ ለእንቁላል ማሞቂያ ሳጥን እንደ እሷ የሚሆን የለም።

ጉድለቱንም ልናገር፣ አለበለዚያ ማስታወቂያ ይመስላል። ቀርፋፋ ነው። ሽቦ ሲያስር ሰልዳ ሳያደርግና ሳይሸፍን አይለቅም፣ ስለዚህ ቶሎ ጨርሶ ይሰጠኛል ብሎ የሚሄድ ሰው ይበሳጫል። ስልክ አያነሳም። በዚያ ላይ ይዛችሁት የሄዳችሁትን ዕቃ ፊት ለፊት «አይረባም» ይላችኋል፤ እኔ ወድጄለታለሁ፣ ሁሉም ላይወድለት ይችላል። አንድ ነገር ግን በተለይ ለሴት ሾፌሮች ልንገራችሁ፦ መለኪያውን አዙሮ ለእኔ ነው የሚያሳየኝ፤ «ባለቤትሽን ላኪው» የሚል ነገር ከአፉ አልወጣም።

ያሪስና ቪትዝ ያላችሁ፣ ፋናችሁን የሚያዘው የመኪናው ኮምፒውተር ከሆነ ሳጥን ከመጨመር ይልቅ ለምን እንደማያዝ ይፈልግላችኋል፤ ብዙ ጊዜ የሙቀት ሴንሰር ወይም ሪሌ ነው። ኤሲ ያለው መኪና ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ኤሲ ሲከፈት ሙቀቱን ሳይጠብቅ ፋን መነሳት ስላለበት አስተሳሰሩ ይለያል። ወደ ባቲ ወይም ወደ ከሚሴ የምትመላለሱም እንደዚያው ንገሩት፣ ቆላውን አስቦ ነው የሚመርጥላችሁ።

ስትሄዱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሂዱ፤ ደሴ ካላችሁ ደግሞ ደርሳችሁ እስኪቀዘቅዝ ጊዜ ያዙ። ጁምዓ ከሆነ ከሶላት በኋላ ነው የሚከፍተው። የተነቀለው አሮጌ ዕቃ እንዳይጣል ንገሩት፤ እሱ ግን ሳትነግሩትም በላስቲክ ጠቅልሎ ኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጥላችኋል።